ቆላ፣ ነፋስና ቅባት

በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰው በኖረበት ቦታ ከዚህ የበለጠ አማካይ ሙቀት ተለክቶ አያውቅም። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ሜዳ አሞሌ የሚቆርጡ ሰዎች ጀርባቸውን ለፀሐይ፣ ፊታቸውን ከነጩ ጨው ለሚመለሰው ነጸብራቅ ሰጥተው ይሠራሉ። ጨው ራሱ ውሃ መጣጭ ነው፤ የጣት ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያንገበግባል። በዚህ ላይ «የእሳት ነፋስ» የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲነሣ ሠራተኛው ወይ ሻሹን እስከ ዓይኑ ሥር ጠምጥሞ ይቀጥላል፣ ወይ ሥራውን ያቆማል።

ለሚያየው ሰው ሁሉም የፀሐይ ጥፋት ይመስላል። ቆላ ውስጥ ግን በቆዳ ላይ የሚዘምቱት ብዙ ናቸው። ፀሐይ ታቃጥለዋለች፤ ደረቁ አየር ውሃውን ይመጥበታል፤ ነፋሱ መጠጣውን እያፋጠነ አቧራና አሸዋ ይዞ ይፈገፍገዋል። ለአንዱ የሚሆነው መከላከያ ለሌላው አይሆንም። ሰንስክሪን ድርቀትን አያስቆምም፤ ቫዝሊን ፀሐይን አይመልስም፤ ውሃ መጠጣትም ለሕይወት ግድ ቢሆንም የተሰነጠቀ ተረከዝ አይገጥምም። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ቆዳውን በትንሽ ገንዘብ ሊጠብቅ ይችላል። ለይቶ ያላወቀው ደግሞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ብዙ ብልቃጥ ይሰበስባል።

ቆዳ ከነፋስ ጋር የሚገናኝበት የላይኛው ንብርብር ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት ቢያንስ ሃምሳ ጊዜ መደራረብ አለበት ማለት ነው። ይህ ስስ ሽፋን ሕይወት የሌላቸው ጠፍጣፋ ሴሎች የተነባበሩበት ሲሆን በሴሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የተባሉ ስቦች ይሞሉታል። የቆዳ ሐኪሞች ሴሎቹን በድንጋይ፣ ስቦቹን በጭቃ እየመሰሉ ያስረዳሉ፤ ጭቃው ከረገፈ ግንቡ በየቦታው ይሾልካል። ሽፋኑ በውስጡ የያዘው ውሃ ከ10 በመቶ ገደማ ሲወርድ መተጣጠፍ ያቅተዋል፤ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፣ ያሳክካል፣ ይላጣል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

የነፋሱ ተንኮል እዚህ ላይ ነው። አየር ረጋ ሲል ከቆዳ በላይ ስስ የሆነ እርጥብ አየር ተጠግቶ ይቆያል፤ ይህም ተጨማሪ ትነትን ያዘገያል። ነፋስ ግን ያንን እርጥበት እየጠረገ ደረቅ አየር ይተካበታል። የአየሩ ሙቀት ከቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ አካባቢ፣ ሲያልፍ ደግሞ ነፋስ ማቀዝቀዙን ትቶ ሙቀት ወደ ሰውነት ያስገባል፤ ያኔ ሰውን የሚያቀዘቅዘው ላብ ብቻ ነው። በደረቅ ቆላ ላብ እንደወጣ ስለሚተን ሰው «አላላበኝም» ይላል። ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ያገኛል፤ በግንባሩና በአንገቱ የቀረውም ጨው ያሳክከዋል።

ሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል አይጎዳም። ቅልጥም ላይ የቅባት ዕጢዎች ጥቂት ስለሆኑ ቀድሞ ነጭ የሚሆነው እሱ ነው። መዳፍና የውስጥ እግር ጨርሶ የቅባት ዕጢ የላቸውም። ከንፈር ሽፋኑ ስስ ነው፤ ማላብም አያውቅ። በምራቅ ማራሱ ለደቂቃ ያስታግሰዋል፤ ምራቁ ሲተን ግን የነበረችውን ውሃ ይዞ ይሄዳል። ልጆች ከአፋቸው ዙሪያ ቀለበት የሚመስል ጠቆር ያለ ድርቀት የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ ከንፈራቸውን እየላሱ ነው።

ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ይችላል የሚለው አባባል እውነትም ጉድለትም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የጥቁር ሰዎች የላይኛው ቆዳ በአማካይ 13 ገደማ፣ የነጮቹ ደግሞ 3 ገደማ የፀሐይ መከላከያ አቅም (SPF) እንዳለው ለክቷል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የቆዳ ካንሰርንም በእጅጉ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ 13 በቀትር በምድር ወገብ አካባቢ ለሚሠራ ሰው በቂ አይደለም። ጉዳቱ የሚታየው እንደ ነጭ ሰው መቅላት ሆኖ ሳይሆን በማድያት፣ በጠቋቆረ ነጠብጣብና ካለ ዕድሜ በሚመጣ ሽብሽብ ነው። ማድያትን የሚያባብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን ለዓይን የሚታየው ተራ ብርሃን ጭምር መሆኑ ታውቋል። ስለዚህም ማድያት ላለበት ሰው የብረት ኦክሳይድ የተቀላቀለበት፣ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ከነጩ የተሻለ ይሠራል።

ደገኛውም ቢሆን አላመለጠም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ሰው ቀዝቃዛው ነፋስ ስለሚያታልለው ፀሐይዋን አይፈራትም፤ ጉንጩ ግን እያወቃት ነው።

አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ለእነሱ ሰንስክሪን መድኃኒት እንጂ መዋቢያ አይደለም። ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ከተማ ኪሊሰን የተባለ ክሬም ለእነሱ ተብሎ እዚያው ይመረታል፤ በአገራችን ግን ሰንስክሪን እስከ ዛሬ ከሽቶና ከሊፕስቲክ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ የቅንጦት ዕቃ መስሎ ይታያል። ገዝቶ የሚቀባውም ሰው ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀባው ከሚገባው ግማሹን ያህል ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ያለበትንም ጠዋት አንዴ ቀብቶ ይወጣል። ለዚህ ነው በረሃ ያሳደገው ሰው ከክሬም ይልቅ ጨርቅን የሚያምነው።

ጨርቅ ደግሞ ሁሉም ጨርቅ አይደለም። ነጠላ አየር ያስገባል፣ አቧራ ይመልሳል፤ ነገር ግን ድሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ጨረሩ በቀዳዳው ያልፋል። አንዴ ከመሸፈን አጥፎ ደርቦ መሸፈን ይሻላል፤ የረጠበ ስስ ጥጥ ደግሞ ከደረቁ የባሰ ያሳልፋል። ስለ ቀለሙ እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ብዙዎችን አስገርሟል። ተመራማሪዎቹ ቤዱዊኖች በኔጌቭ በረሃ ለምን ጥቁር ቀሚስ እንደሚለብሱ ለማወቅ ፈልገው አንድ ሰው ጥቁሩንም ነጩንም እየለበሰ በቀትር እንዲቆም አደረጉ። ጥቁሩ ቀሚስ በውጭ በኩል ከነጩ የበለጠ ጋለ፤ ቆዳው ላይ የደረሰው ሙቀት ግን እኩል ሆኖ ተገኘ። ሰፊና የማይጣበቅ ልብስ በመሆኑ ትርፉ ሙቀት ቆዳ ላይ ሳይደርስ በመካከል ባለው አየር ተወስዷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የቀለም ሳይሆን የስፋት ነው። ጠባብ ቲሸርትና ጂንስ ለብሶ ወደ አፋር የሚወርድ የከተማ ልጅ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይረዳዋል።

ከጨርቅ ቀጥሎ ቅባት ይመጣል። እዚህ ላይ አገራችን ሀብታም ናት። የሐመር ሴቶች ቅቤና ቀይ አፈር ለውሰው ፀጉራቸውንና አካላቸውን ይቀባሉ። ደጋው ለጋ ቅቤ አናት ላይ ያደርጋል፤ ወርዶ ግንባርና አንገት ያወዛል። በጋምቤላ የሺአ ዛፍ ፍሬ ዘይት አለ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ዝርያ ከምዕራቡ ይልቅ ለስላሳና በቀላሉ የሚቀልጥ ነው። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሴቶች ከቁርቁራ ዘመድ ከሆነው ዛፍ ቅጠል የሚፈጨውን ቃሲል በውሃ ለውሰው ፊታቸውን ይቀባሉ። ቃሲል ቅባት አይደለም፤ አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ስላለው ያጸዳል፣ ደርቆ ሲቆይም ፊትን ከአቧራና በከፊል ከፀሐይ ይጋርዳል። ብዙ ጊዜ ከቆየ ግን ፊትን ያደርቃል፤ ስለዚህም ከታጠቡት በኋላ ቅባት ይከተለዋል።

ቅቤ ምን ያህል ይሠራል? ከሞላ ጎደል አራት አምስተኛው ስብ ነው፤ ስለዚህ ቆዳ ላይ ተነጥፎ ትነትን ማዘግየቱ አያጠራጥርም። ችግሩ የቀረው ውሃና የወተት ዝቃጭ ነው። በቆላ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ከተደረገም ለተሕዋስያን ምግብ ይሆናል። ቅቤ በደህና ቆዳ ላይ ይሁን፤ በቁስልና በተለይ በእሳት ቃጠሎ ላይ ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ቫዝሊን የመጣው ከነዳጅ ጉድጓድ ነው። ሮበርት ቼስብሮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ፔንሲልቬኒያ የነዳጅ ሜዳ ሄዶ ሠራተኞቹ ከመቆፈሪያው ዘንግ ላይ የሚጠርጉትን ጥቁር ሰም የሚመስል ነገር ለቁስላቸው ሲቀቡት አየ። አጣርቶ አነጣውና በ1872 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ የውሃ ትነትን በመግታት ዛሬም እሱን የሚስተካከል ቅባት እምብዛም የለም። ለረጅም ጊዜ ከላይ ብቻ ተኝቶ የሚሸፍን ይመስል ነበር። በ1992 የወጣ ጥናት ግን በላይኛው ንብርብር ክፍተቶች ውስጥ እንደሚገባና ቆዳው የራሱን ስብ ሲሠራ እንደማያደናቅፈው አሳይቷል።

ለቆላ ግን ቫዝሊን ሁለት ነውሮች አሉት። ቀን ሲቀባ ላብ ያፍናል፤ አንገትና ጀርባ ላይ ደቃቅ የሙቀት ሽፍታ ያመጣል። አቧራም ያጣብቃል። ስለዚህ ቀን ቀለል ያለ ሎሽን፣ ማታ ከታጠቡ በኋላ ቫዝሊን ቢደረግ ይሻላል። ስለ ብርዳማ ድርቀት የተጻፉ የፈረንጅ ምክሮች እንዳሉ ወደ ቆላ ሲወርዱ የሚከሽፉት ይህን ስለማያነሡ ነው።

ግሊሰሪን ሌላ ጠባይ አለው። ከፋርማሲ በትንሽ ጠርሙስ የሚገዛው ይህ ወፍራም ፈሳሽ ውሃ ይስባል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ከአየር የሚስበው ስለሌለ ከታችኛው ቆዳ መሳብ ይጀምራል። ሳይበረዝ ፊቱን የተቀባ ሰው ጥቂት ቆይቶ ሲያሳክከው ወይም ሲወጥረው «አልተስማማኝም» ይላል። በውሃ ቀጥኖ፣ በእርጥብ ቆዳ ላይ ተቀብቶ፣ በላዩ ስስ ቅባት ሲደረግበት ግን ከእነ ውድ ክሬሞቹ ጋር ይፎካከራል።

ስለ ዘይቶች የሚነገረው ሁሉ አይታመንም። የወይራ ዘይት በብዙ ቤት ለሕፃናት ማሻ ይመረጣል። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ግን የወይራ ዘይት የቆዳውን መከላከያ እንደሚያደክም፣ የሱፍ አበባ ዘይት ደግሞ እንደማይጎዳው አገኘ። ከዚያ በፊት በ2005 ከባንግላዴሽ የወጣው ውጤት የበለጠ ክብደት አለው። ዳካ ሆስፒታል ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሱፍ አበባ ዘይት ሲታሹ ሆስፒታል ውስጥ የሚይዛቸው ኢንፌክሽን ካልታሹት ጋር ሲነጻጸር በ41 በመቶ ቀነሰ። የቆዳ ነገር የመዋቢያ ነገር ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ አኃዝ ይበቃዋል።

ቅባቱ ምንም ይሁን ምን ከምርጫው ይልቅ የሚቀባበት ሰዓት ይወስናል። ቅባት ውሃ አይፈጥርም፤ ያለውን ያግታል። ስለዚህ ገላው ተጠርጎ ገና እርጥበት ሳለ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መቀባት አለበት። ደርቆ ካደረ ቆዳ ላይ የተለቀለቀ ክሬም ድርቀቱን አሽጎ ከማስቀመጥ ብዙ አይርቅም።

ሳሙናም ከተከሳሾቹ አንዱ ነው። የቆዳ ገጽ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤች 5 አካባቢ። ተራ የገላና የልብስ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ከአቧራማ መንገድ የገባ ሰው በልብስ ሳሙና ሁለቴ ፈትጎ ሲታጠብ አቧራውን ብቻ ሳይሆን በሴሎቹ መካከል ያለውን ስብም ያጥባል። ብብት፣ ብሽሽትና እግር ሳሙና ይፈልጋሉ፤ ክንድና ቅልጥም በአብዛኛው ለብ ያለ ውሃ ይበቃቸዋል።

ንቃቃት ያወጣ ተረከዝን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የጉዳቱ አሠራር በግልጽ ይታያል። ጠርዙ ቢጫማ ሆኖ ወፍሯል፣ ጠንክሯል፤ በዚያ ውፍረት መካከል አቧራ የሞላባቸው ጥቋቁር ስንጥቆች ወደ ውስጥ ይወርዳሉ፤ በጥልቁ ደግሞ ሥጋው ቀልቶ ይታያል። ሸበጥ ወይም በረባሶ ያደረገ ሰው በቆመ ቁጥር የተረከዙ ሥጋ በክብደቱ ወደ ጎን ይገፋል። ለስላሳ ቆዳ ይለጠጥለታል፣ የደረቀው ግን ይቀደዳል። በምላጭ መላጨቱ ብዙ ሰው የሚያደርገው ስሕተት ነው፤ በተለይ ስኳር ሕመምተኛ ይህን ካደረገ እግሩን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ እግር ከሁሉ የተሻለውን ዕውቀት የያዙት የውበት ሳሎኖች አይደሉም፤ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርትም ሆነ በወሎ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ሲያክሟቸው የኖሩት ሕሙማን ነርቫቸው ስለተጎዳ እግራቸው አያልብም፤ ሳያልብም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሕመምም ስለማይሰማቸው ስንጥቁ ቁስል ይሆናል። ሕሙማኑ የሚማሩት ልማድ ቀላል ነው፦ እግርን በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የለሰለሰውን ደንዳና ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት መቀባት። ጤነኛ ተረከዝም ይህንኑ ይፈልጋል።

ችግሩ ውሃው ነው። ቆዳ በሚሰነጠቅበት አገር ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ይቀዳል፤ በየቀኑ ሳፋ ሙሉ ውሃ ለእግር ማለት ለብዙ ቤት ቀልድ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ከዝሆኔ በሽታ ሕክምና ነው። ይህ በሽታ በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር የሚረግጡ የደጋና የወይና ደጋ ገበሬዎችን የሚይዝ ነው፤ ምክንያቱ ከአፈሩ የሚገቡ ማዕድናት መሆናቸውን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር አሳይቷል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ አንድ ላይ ሲሆኑ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው የእብጠትና የትኩሳት ግርሻ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕሙማኑ በሚዘፈዝፉበት ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨምሮ የውሃውን መጠን ቀነሰ። ውሃው ቢያንስም የቆዳው መከላከያ ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ተሻሻለ። ዘዴው የተፈተነው በበሽተኛ እግር ላይ ቢሆንም የቆላ ጤና ጣቢያዎች ሊሞክሩት የሚገባ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ዕቃው በየፋርማሲው አለ።

በሌላ በኩል ቆዳን «የሚያጠሩ» ክሬሞች አሉ። በየሱቁ የሚሸጡት ብዙዎቹ ሃይድሮኪኖን፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው። ስቴሮይዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያለሰልሳል፣ ያቀላል፤ ቆይቶ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ፀሐይና ነፋስ መቻልም ይነሣዋል። ከእነዚህ ክሬሞች በኋላ ቆላ የወረደ ፊት ያቃጥለዋል፤ ሰውየውም ጥፋቱን በአየሩ ያሳብባል። ሰውነት ለምዶት ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቆሙም ስለሚያባብሰው በሐኪም ምክር ቢቀነስ ይሻላል።

ሙቀቱ ለሥራ ባሕር የተሻገሩትንም ይከተላል። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ከቤት ውጭ ለሚሠራ ሠራተኛ የቀትር ዕረፍት ደንግገዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት፣ ኳታር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሞቃቱ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ ማሠራትን ይከለክላሉ። ሕጉ ግን ለግንባታ ሠራተኛው እንጂ «ማዳም» ቤት ለምትሠራው ኢትዮጵያዊት አልወጣም። እሷ ከፀሐይ ተከልላ ከሌላ ድርቀት ጋር ትኖራለች፦ ኤሲው ቀንና ሌሊት አየሩን ያደርቃል፣ እጇ በቀን ብዙ ጊዜ ውሃ፣ ዲተርጀንትና በረኪና ይነካል። ጉዳቱ በጣቶቿ መካከል ይጀምራል፤ ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ከዚያ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ኬሚካል የማያስገባው የላስቲክ ጓንት ብቻውን አይረዳትም፤ ውስጡ ሲያልብ ይብሳል። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ማድረግ፣ ሲረጥብም መቀየር፣ ማታ ደግሞ ቫዝሊን ቀብቶ በጥጥ ጓንት ማደር ከብዙ ክሬም ይሻላል። ስንጥቁ መግል ከያዘ ወይም ቀይ መስመር ወደ ክንድ ከወጣ ግን ክሊኒክ መሄድ እንጂ ቅባት መለዋወጥ አያዋጣም። እጁ ዳነ ተብሎ ጓንቱ የሚጣለውም ቶሎ ነው፤ ላይ ላዩን የዳነ የሚመስል ቆዳ መከላከያው ወደ ቀድሞው አቅሙ እስኪመለስ ወራት ይፈጅበታል።